የየኔታ ማሩ ቆርቆሮ

ቆርቆሮ ሊገዛ የመጣ ሰው የሚጠይቀው አይጠፋውም። ውፍረቱ እንዴት ነው ይላል፤ ቀለሙ በፀሐይ ይለቅ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ዳሩን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ነገሩ እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ በዋጋ ይከራከራል። ዝናብ ሲወርድበት ምን ያህል ይጮሃል ብሎ የጠየቀ ግን ከአድማሱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሞ አያውቅም። አድማሱም ጠይቆ አያውቅም። ደብረ ታቦር ላይ ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጥ ጠጉሩ ሸብቷል፤ በፋርጣ ገጠር ከሚያብረቀርቀው ጣሪያ ግማሹ ከእሱ ሱቅ የወጣ ነው ቢባል ብዙ አልተጋነነም። ይሁንና የቆርቆሮን ድምፅ ነገሬ ብሎ አዳምጦት አያውቅም ነበር።

ሰው ደግሞ ምቀኛ ባይሆን እንኳ ቀልደኛ ነው። «አድማሱ አገሩን ሁሉ ቆርቆሮ አልብሶ አባቱን ሣር ውስጥ ረሳቸው» ይሉት ጀመር። ገበያ ላይ ይሉታል፣ ማኅበር ላይ ይሉታል፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ቤቱ ሲገባ ግን እህል አልወርድ ይለዋል፤ ሚስቱን ያለ ነገር ይቆጣል።

አባቱ መሪጌታ ማሩ፣ ከጋፋት ወዲያ ባለች አንዲት መንደር የቅኔ መምህር ናቸው። አገሬው የሚያውቃቸው የኔታ ማሩ ብሎ ነው። ቤታቸው ክብ ሣር ቤት ናት፤ በዙሪያዋ ተማሪዎች ራሳቸው የቀለሷቸው ትንንሽ ጎጆዎች ተደርድረዋል። ተማሪው ጧት ጧት አኮፋዳውን አንግቶ በየቤቱ ቁራሽ ይለምናል። ቀን ከየዛፉ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ይገጥማል። ከሰዓት በኋላ የኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይናገራል፤ እሳቸው ሰምተው የጎበጠውን ያቀኑለታል፤ በመጨረሻ የራሳቸውን ይናገራሉ። ይህ ሰዓት ነገራ ይባላል። ወረቀት የለም። የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ያመለጠው አመለጠው ነው። ትምህርቱ በሙሉ ያለው በአንዱ አፍና በሌላው ጆሮ መካከል ነው።

ጣሪያውን የሚጠብቁት ተማሪዎቹ ነበሩ። ኅዳር ሲገባ ወደ ጉና ተራራ ይወጡና ጓሳ አጭደው፣ አድረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ይመለሳሉ። ጓሳ ከሌላው ሣር ይለያል፤ ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ በወጉ ከከደኑትና ከሥሩ ጭስ ካላሳጡት ልጅ ተወልዶ እስኪያድግ ይቆያል። የበሰበሰውን መዘው ያወጣሉ፣ የሳሳውን ይደርባሉ፣ ጉልላቱ ሥር ያለውን እስር ያጠብቃሉ። የቀረውን ጭሱ ይሠራዋል፤ ከምድጃው ወጥቶ በሣሩ ውስጥ ሲያልፍ ተባዩንም ርጥበቱንም ያባርራል። የኔታ ከዚህ ጉልበት ሌላ ከተማሪ ተቀብለው አያውቁም።

እንግዲህ ባለፉት ዓመታት ጸጥታ ጠፍቶ መንገዱ ከፋ። ልጆቹን ወደ ጉና ለመላክ ማንም አልደፈረም፤ ክዳኑም ሳይታደስ ከረመ። ክረምት ሲመጣ የኔታ መኝታ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር፤ ሳል ያዛቸው። አብራቸው የምትኖረው የአድማሱ እህት ትርንጎ ደውላ ነገረችው። አድማሱ ሳሉንም ቀልዱንም አንድ ላይ ሰማው። የትኛው የበለጠ እንዳንገበገበው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ፋሲካን ከአባቱ ጋር ሊውል መጣና ነገሩን አነሣ።

«አባዬ፣ ይህ ሣር ከእንግዲህ ይብቃው። አውርጄ ቆርቆሮ ላልብስዎት።»

«ተወው ልጄ» አሉ የኔታ። «ኅዳር ሲመጣ ልጆቹ ያድሱታል።»

«ኅዳር እስኪመጣ አንድ ክረምት አለ እኮ! ለኔ ደግሞ ምን ያስቸግረኛል? በእጄ ያለ ነገር ነው።»

«አውቃለሁ። ያቺን የምታንጠባጥበውን ብቻ አስደፍናት። ሣሩ ይበቃኛል።»

አድማሱ ደግሞ ለመነ፤ የኔታ ደግመው እምቢ አሉ። ሲሸኙትም በር ላይ ቆመው «የጣሪያውን ነገር ተወው እሺ» አሉት።

አሁን እዚህ ላይ አድማሱን መውቀስ ቀላል ነው። ግን አገራችንን ታውቁታላችሁ። ብላ ሲባል በመጀመሪያው ቃል እጁን የሚታጠብ እንግዳ ማን ነው? ስጦታ ሲሰጠው «ምነው ተቸገርክ» ሳይል የሚቀበል ሽማግሌ የትኛው ነው? እምቢ ማለት ጨዋነት፣ እምቢታውን አልፎ ማድረግ ደግሞ ፍቅር ሆኖ ኖሯል። አድማሱም በዚሁ አድጎ በዚሁ ሸምግሏል። የአባቱን እምቢታ በዚያው ሚዛን መዘነና «ይሉኝታ ነው» አለ። አልፎ ተርፎም አባቱ ሊያስቸግሩት ስላልፈለጉ ሆዱ ባባ።

ከሰነበተ በኋላ መኪና ይዞ መጣ። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር ወንዛዬ ወርደው ፍል ውሃ ይታጠቡ አለ። ይህን የኔታ እሺ አሉ፤ ትርንጎም አብራቸው ሄደች። መኪናው ከዓይን እንደራቀ አድማሱ አናጢዎቹን አስገባ። ሲመለሱ ሊያስደንቃቸው ነበር።

ምሕረትአብ የሚባል ተማሪ ነበር፤ ከሁሉ የቆየው እሱ ነው፤ የኔታ ሲደክሙ ጀማሪዎቹን የሚሰማው አስነጋሪ እሱ ነው። ሰዎቹ መሰላል ሲያቆሙ አይቶ ወደ አድማሱ ቀረበ።

«ጋሼ አድማሱ፣ የኔታ ይምጡና ይጠየቁ እንጂ።»

«ምን ይጠየቃሉ? የሳቸውን ይሉኝታ አታውቀውም?»

«የኔታ እኮ ቅኔ ላይ ካልሆነ ነገር አዙረው አይናገሩም።»

አድማሱ ሳቀበት። «በል ይልቅ ያንን ቆርቆሮ ያዝልኝ» አለው። የመምህሩ ልጅ ነው፤ ምን ያድርግ? ምሕረትአብ ያዘለት።

ሱቁ ውስጥ ወፍራም ቆርቆሮ ነበረ፤ ግን አንድ የእብናት ነጋዴ ቀብድ ጥሎበት ነበርና አድማሱ የጫነው ቀጭኑን ነው። ለአንዲት ትንሽ ቤት ምን ይሆናል ብሎ። ጣሪያው ክብ ስለሆነ ቆርቆሮው ወደ ላይ እየሾለ ተቆረጠ፤ ጫፍ ለጫፍ ተነባብሮ በወራጁ ላይ ተመታ። የወረደው ሣር የብዙ ዘመን ጭስ ጠጥቶ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ከአጥሩ ጥግ ከመሩት፤ የጎረቤት ከብት ተኛበት።

የኔታ ሲመለሱ ደጁ በሰው ሞልቶ ነበር። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ አርፋ ስታብረቀርቅ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋረዱ። ቆመው ቀና ብለው አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። ሴቶቹ እልል አሉ። የኔታ ወደ ልጃቸው ዞረው «እጅህ አይንጠፍ፤ ዘመንህ ይባረክ» አሉና ጎንበስ ብለው ገቡ።

«ደስ አላቸው አይደል?» አላት አድማሱ እህቱን።

«መንገዱ አድክሟቸዋል» አለች ትርንጎ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማኅበር ላይ የሚቀልድበት አልነበረም። አድማሱ ያን ቀን የሁለት ሰው እህል በላ ብትሉ አልተጋነነም።

ክረምቱ ገባ። በሐምሌ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሱቁም ሥራ አያጣም። ሲደውል ትርንጎ ደኅና ናቸው ትለዋለች፤ ያፈሳል ወይ ሲላት አያፈስም ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ አንዲት ጠብታ አልገባችም። እሱም በዚህ ተኩራርቶ ከረመ። ወደ መንደሩ የሄደው በነሐሴ፣ ለፍልሰታ ነው።

መንደሩ ሊደርስ ሲል ዝናቡ ያዘው። እየሮጠ አባቱ ቤት ገባ። ሲገባ ግን ከውጪው ዝናብ ይልቅ የውስጡ አስደነገጠው። ጣሪያው ይጮሃል። ሰማዩ ጠጠር የሚያፈስ ይመስላል። የኔታ ከመደባቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንድ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ጎንበስ ብለዋል። ፊታቸው አንድ ተማሪ ቆሞ እንደ መናኸሪያ ረዳት እየጮኸ ቅኔውን ይናገራል። የአንገቱ ሥር ተገታትሯል።

«ድገመው!» አሉ የኔታ። ድምፃቸው ሰልሏል።

ተማሪው ደገመ። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለተኛዋን ቤት ድገማት!» ተማሪው ጮኸ፤ ቆርቆሮው ከሱ በላይ ጮኸ። ቅኔ ደግሞ የጩኸት ነገር አይደለም። አንዲት ፊደል ላልታ ወይ ጠብቃ ምሥጢሩን የምትገለብጥበት፣ ትንፋሽ ተውጦ የሚሰማ ነገር ነው። በመጨረሻ የኔታ እጃቸውን አነሡ። ሁሉም ዝም ብለው ተቀመጡና ዝናቡን ጠበቁት። ዝናቡ ሲያባራ መሽቶ ነበር፤ ተማሪዎቹ እጅ ነሥተው ወጡ። ሦስት ብቻ ነበሩ።

አድማሱ እህቱን ወደ ማድ ቤት ተከተላት።

«ሌሎቹ የት ሄዱ?»

«ጎጆዎቹን አላየሃቸውም ስትገባ?» አለች ትርንጎ። «ሄዱ። ዝናቡ የሚመጣው በነገራ ሰዓት ነው። በጧት እንዳይሉት ቁራሽ ካልለመኑ ምን ይበላሉ? ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላሙ ውስጥ እናድርገው አሉና የሱን ዳገት ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሐምሌን ሙሉ እንዳየኸው ነው። ምሕረትአብም ተባርኮ ሄደ። ሂድ፣ ሌላ ቦታ ጨርስ፣ እዚህ ጊዜህን አትግደል አሉት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አትንገሪው አሉኛ! ልጄ በፍቅር የሠራውን አላቃልልበትም አሉኝ።» ከሰሉን በእንጨት ገፋ ገፋ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም። ጀማሪዎቹ ልጆች ድገም ድገም ሲባሉ ምን መሰላቸው? የኔታ ማሩ ጆሯቸው ደነቆረ ብለው በየደብሩ አወሩት። አይጥ ማድ ቤት ውስጥ ስትሮጥ ከመኝታቸው የሚሰሙትን ሰውዬ!»

 የቅኔ መምህር አንካሳ ቢሆን ይማሩበታል፤ ዓይነ ስውር ቢሆን ይማሩበታል። ደንቆሮ ነው ከተባለ ግን የሚሄድበት ማን አለ?

ጧት አባቱ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ጠብቆ ጉልበታቸውን ሳመ።

«ለምን አልነገሩኝም አባዬ?»

«ነግሬህ ነበር» አሉ የኔታ። ቁጣ የለባቸውም፤ አልፎ ያለቀ ነገር እንደሚያወሩ ሰው ነው የተናገሩት። «እምቢ ስልህ እምቢ ማለቴ ነበር።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ቢረግሙት ይሻለው ነበር። አድማሱ የዚያን ቀን መንገዱን ሙሉ እያለቀሰ ወረደ፤ የሚያውቁት ሰዎች ሰላም ሲሉት ጉንፋን ይዞኛል አላቸው።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። መጀመሪያ ኮርኒስ አሰበ፤ የማዳበሪያ ከረጢት አሰፍቶ ከቆርቆሮው ሥር ወጠረ። ጩኸቱ ጥቂት ታፈነ፤ ጭሱ ግን መውጫ አጣ። ሣሩ ያሳልፈው የነበረውን ቆርቆሮው አያሳልፍ፤ ቤቱ በጭስ ታጠነ፤ የየኔታ ሳል ተመለሰ። አወረደው። ቆርቆሮውን በወፍራሙ ልቀይረው አለ፤ አናጢው «ወፍራሙም ይጮሃል፤ ድምፁ ይወፍራል እንጂ» ብሎ ተስፋ አስቆረጠው። ወደ ሣሩ መመለስ ብቻ ቀረ። ሣሩ ደግሞ የሚታጨደው በኅዳር ነው፤ ከኅዳር በፊት ገንዘብም ልመናም አያመጣውም።

ኅዳር ሲገባ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ራሱ ወደ ጉና ወጣ። መንገዱ ከድሮው ረገብ ብሎ ነበር። ሰው ቀጥሮ ማሳጨድ ይችል ነበር፤ ቀጠረም፤ ግን አብሮ አጨደ። ወፍራም ሰው ነው፤ ብርዱ ላይ ትንፋሽ እያጠረው፣ ጓሳው እጁን እየቆራረጠው ሲያጭድ ያዩት ገበሬዎች የማንን ንስሐ ነው የሚፈጽመው ብለው ሳቁ። ጎረቤቶቹ ደቦ ወጡለት። ቆርቆሮው ወረደ፤ ማገሩ ተጠገነ፤ ሣሩ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ተከደነ። ጥሩ ክዳን ነው። ከቀድሞው የተሻለ ነው እንጂ አያንስም፤ ያዩት ሁሉ ይህን መስክረዋል።

የኔታ ገብተው ቀና ብለው አዩ። «አሁን ገና ቤት ገባሁ» አሉ። አድማሱ ያን ጊዜ ነገሩ የተቃና መሰለው።

አልተቃናም። ሦስቱም ተማሪዎች ከጥምቀት በፊት ሄደው ነበር። አድማሱ በየደብሩ፣ በየማኅበሩ እየዞረ አባቴ ደኅና ይሰማሉ፣ ጥፋቱ የቆርቆሮው ነው ማለት ጀመረ። ሰዎቹም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙትና «አይ፣ ልጅ ነው፤ ምን ይበል» ይባባላሉ። በማለ ቁጥር የኔታ ይበልጥ ደነቆሩ። ካፍ የወጣውን ወሬ እንደ ሚስማር ነቅሎ የሚያወጣበት ጉጠት አልነበረውም።

ምሕረትአብን ፍለጋ ሩቅ ሄደ። በሌላ መምህር ዘንድ አስነጋሪ ሆኖ አገኘው። ምሕረትአብ ሲያየው ደንግጦ ተነሣ፤ የኔታ እንዴት ናቸው ሲል ዓይኑ ውሃ ሞላ።

«ጣሪያውን ሣር አድርጌዋለሁ። አሁን ዝም ያለ ነው። ና እንሂድ» አለው አድማሱ።

«ጋሼ፣ የኔታ ሲሸኙኝ እዚያ ሄደህ ጨርስ ብለው ነው የባረኩኝ። ቃላቸውን እንዴት ላፍርስ?»

«ይሉኝታ ቢሆንስ? ሊያስቸግሩህ ባይፈልጉስ?» አለ አድማሱ። ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማውና አፈረ።

ምሕረትአብ መሬት መሬት አየ።

የሚቀጥለው ሐምሌ መጣ። አድማሱ አሁን በየሳምንቱ ሱቁን ዘግቶ ወደ አባቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ፤ ሜዳውን አጨለመው። ሣር ቤቷ ውስጥ ግን ሕፃን እሹሹ ሲባል ያህል እንኳ ድምፅ አይሰማም። የኔታ መደባቸው ላይ ናቸው። ትርንጎ ጎረቤት ሄዳለች። ተማሪ የሚቆምበት ቦታ ላይ አንዲት ዶሮ ትጭራለች።

«ዛሬ አንዲት መጥታልኝ ነበር» አሉ የኔታ።

«ማን አባዬ?»

«ቅኔ።» ፈገግ አሉ። «ከመጣች የሚሰማት ይፈለጋል። በል ቁም እስቲ።»

አድማሱ ዶሮዋን አባርሮ ቆመ። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ዝቅ ማለት የሚችልበት ቤት ስላገኘ። አድማሱ እያንዳንዷን ቃል ሰማ። የት እንደላላች፣ የት እንደጠበቀች፣ የት ላይ አባቱ ትንፋሽ እንደወሰዱ ሳይቀር ሰማ። ግእዙን ግን አያውቀውም። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ ወደ ንግድ የሮጠ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ቅኔ ሰምቶ ምሥጢሩ የበራለት ተማሪ «ይበል!» ይላል፤ መምህሩም ደስ ይለዋል። አድማሱ ይህንን ያውቃል፤ ከበር ሆኖ ስንት ጊዜ ሰምቶታል።

የኔታ ጨርሰው ዓይናቸውን ገለጡ።  አድማሱ አባቱን በዝምታ ሊተዋቸው አልቻለም።

«ይበል!» አለ።

የየኔታ ፊት በራ። ከወንዛዬ ከተመለሱ ወዲህ እንዲህ ሲበራ አላየውም። ከመደባቸው ጫፍ መጥተው ጎንበስ አሉ፤ የተራበ ሰው የሚጎርሰውን ሲያይ የሚኖረው ዓይነት ዓይን ነበራቸው።

«ምሥጢሯን የቷ ላይ አገኘሃት ልጄ?» አሉት።

አድማሱ አፉን ከፈተ። የሚለው የለውም። ጣሪያው ዝም እንዳለ ነው፤ ለሰበብ እንኳ የሚጮህ ነገር የለም። አባቱ ጠበቁት፤ ገባቸው፤ ያ ብርሃን ከፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ግድ የለም፤ ተቀመጥ» አሉ የኔታ፤ ወደ ምድጃው ዞረውም እንጨቱን ማስተካከል ጀመሩ።